በአፍ ወይስ በአፍንጫ? መድኃኒት ወደ አንጎል የሚሄድባቸው ሁለት መንገዶች

የሚዋጥ ክኒን ወደ አንጎል የሚሄደው ዙሪያ ጥምጥም ነው። ሆድ ውስጥ ይሟሟል፣ በአንጀት በኩል ወደ ደም ይገባል፣ ጉበትም ከመንገድ ይቀንሰዋል። የተረፈውን ደግሞ በደምና በአንጎል መካከል ያለው አጥር ይጠብቀዋል። የአጥሩ ሴሎች ተጣብቀው የቆሙ በመሆናቸው ትልልቅ ሞለኪውሎችን በቀላሉ አያሳልፉም።

የአፍንጫው መንገድ አጭር ነው። በአፍንጫ ጣሪያ ላይ የማሽተት ነርቭ ጫፎች ከውጭ አየር ጋር ፊት ለፊት ይገናኛሉ፤ በእነሱ በኩል ጉበትንም አጥሩንም ማለፍ ይቻላል። ችግሩ ቦታው ጠባብ መሆኑ ነው። አንዱ የአፍንጫ ቀዳዳ ከ0.2 ሚሊ ሊትር ብዙም የበለጠ አይችልም፤ ትርፉ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል (መራራነቱን የቀመሰ ያውቀዋል)። ንፍጥም የቀረውን በ20 ደቂቃ ገደማ ጠርጎ ይወስደዋል።

ስለዚህ በአፍንጫ የሚረጩ መድኃኒቶች «በቀጥታ ወደ አንጎል» ይሄዳሉ የሚለው ማስታወቂያ አያሳምነኝም። ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት፣ ለአንጎል ተብለው በአፍንጫ የሚረጩ አብዛኞቹ መድኃኒቶች አንጎል የሚደርሱት በዋናነት በአፍንጫ የደም ሥሮች በኩል ነው። እውነተኛ ብልጫቸው ፍጥነት ነው። የሚጥል በሽታ የሚያንዘፈዝፈውን ሰው ክኒን ማስዋጥ አይቻልም፤ መንዘፍዘፉን የሚያስቆመው ሚዳዞላም የተባለ መድኃኒት ግን በአፍንጫው ይረጭለታል። በየቀኑ ለሚወሰድ መድኃኒት ከሆነ እኔ ክኒኑን እመርጣለሁ።