ቀንድ አውጣና ትል አኳሪየም ውስጥ ሲገቡ፦ ጎንደር ላይ ምን ልግዛ?

ባለፈው ዓመት ከጎርጎራ፣ ከጣና ዳር፣ የውሃ ተክል አምጥቼ አኳሪየሜ (የመስታወት የዓሣ ማርቢያዬ) ውስጥ ተከልኩ። አማረልኝ። ብዙም ሳይቆይ መስታወቱ ላይ ነጫጭ ትሎች አየሁ፤ ቀጥሎ ጥቃቅን ቀንድ አውጣዎች ብቅ አሉ። ምንነታቸውን ሳላውቅ መድኃኒት ፍለጋ ወጣሁ። እናንተ እንዲህ አታድርጉ።

ማታ መብራት አጥፍታችሁ በባትሪ እዩ። ጭንቅላቱ ሦስት ማዕዘን የሆነ፣ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ የሚንሸራተት ትል ፕላናሪያ ነው። አንድ ቦታ ተጣብቆ ክንዶቹን የዘረጋ፣ ሲነኩት ጭብጥ የሚል ደግሞ ሃይድራ ነው። እየተጥመለመለ የሚዋኝ፣ ክር የመሰለ ነጭ ትል ግን ጉዳት የለውም። ምግብ አብዝታችኋል ማለት ነው። ለሱ ብር አታውጡ።

ለፕላናሪያና ለሃይድራ የኔ ምርጫ ፌንቤንዳዞል ነው። የከብትና የበግ የትል መድኃኒት ነው፤ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ጠይቁ። ዓሣም ሽሪምፕም (ከዓሣ ጋር የሚረባው ባለ ብዙ እግር ትንሽ የውሃ እንስሳ) ይችለዋል። አንዳንድ ለጌጥ የሚገዙ ቀንድ አውጣዎችን ግን ይገድላል፤ እነሱን አስቀድማችሁ አውጡ። የመድኃኒቱን ስም ማሸጊያው ላይ ራሳችሁ አንብቡ። በምትኩ አይቨርሜክቲን ቢሰጧችሁ አትቀበሉ፤ ዓሣውንም ሽሪምፑንም ይጨርሳል። መጠኑን የውሃችሁን ሊትር ነግራችሁ የእንስሳት ሐኪም ያስላላችሁ።

ብር ለሌለው የሃይላንድ ጠርሙስ አለ። ክዳኑን ቀዳዱት፣ ትንሽ ሥጋ ክተቱበት፣ ማታ አስገብታችሁ ጠዋት አውጡ። ፕላናሪያ ይሞላዋል። ጨርሶ አያጠፋም፣ ይቀንሳል። ትሉን ግን እንዳትቆርጡት፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ሌላ ትል ሆኖ ያድጋል።

ለቀንድ አውጣ ብዙ ሰው የሚያስበው እንዶድን ነው። ልክ ነው፣ ይገድላል። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው የእንዶድ ምርምራቸውን የጀመሩት። ከቅዳሜ ገበያም በርካሽ ይገኛል። ግን እንዶድ ዓሣም ይገድላል። ዓሣ ያለበት ውሃ ውስጥ በፍጹም! መዳብ ያለበት መድኃኒትም ቀንድ አውጣን ይጨርሳል፣ ሽሪምፕንም አብሮ፤ አሸዋው ውስጥም ይቀራል። ከሁለቱም ይልቅ አንድ ቅጠል ሰላጣ ይሻላል። ማታ አስገቡት፣ ጠዋት ቀንድ አውጣዎቹ ተሰብስበውበት ታወጡታላችሁ። ምግብም ቀንሱ።

አሁን ዋናው ነገር። ጣና አካባቢ ቢልሃርዚያ የሚባል፣ በትል የሚመጣ የሰው በሽታ አለ። በሽታውን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ዛጎሉ ጠፍጣፋ ጥቅል ነው፤ አኳሪየም ውስጥ ከሚታየው ተራ ቀንድ አውጣ በዓይን መለየት ይከብዳል። የቢልሃርዚያው እጭ ውሃ ውስጥ ሆኖ በቆዳ ይገባል። ተክላችሁ ከሐይቅ የመጣ ከሆነ ከሁሉም በፊት የምትገዙት እስከ ክርን የሚደርስ የፕላስቲክ ጓንት ይሁን። ልጆች እጃቸውን እንዳይነክሩ። ያንን ውሃም በአፍ በቱቦ ስባችሁ አትቅዱ፤ እኔ ሳላውቅ ስንት ጊዜ አድርጌዋለሁ።

መድኃኒት ከጨመራችሁ በኋላ የሞተውን ቶሎ ልቀሙ፣ ውሃውንም በከፊል ቀይሩ። የሚበሰብሰው ትል ውሃውን ይመርዝና ዓሣውን ይገድለዋል።