ማጣሪያና ማሞቂያ በአንድ ማሽን ወይስ ለየብቻ? ብርድ ለማይወድ ሰው

አሜሪካ የምትኖሩና አየር ማጣሪያና ማሞቂያ በአንድ ላይ የያዘ ማሽን፣ ለምሳሌ ዳይሰን የሚባለው ድርጅት የሚሠራውን፣ ልትገዙ እያሰባችሁ ከሆነ አንድ ነገር ቀድማችሁ እወቁ። ቤቱ ከሞቀ በኋላ ብርድ ንፋስ ሊለቅባችሁ ይችላል። ተበላሽቶ አይደለም፣ አሠራሩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙቀቱን 72 ፋራናይት ላይ አደረጋችሁት እንበል። ክፍሉ 72 ሲደርስ ማሞቂያው ይቆማል። ማጣሪያው ግን ያለ ማራገቢያ አይሠራም፤ ስለዚህ አውቶ ላይ፣ ማለትም ፍጥነቱን ራሱ እንዲወስን ከተደረገና የአየሩን ጥራት የሚለካው ሴንሰር አየሩ ገና አልጠራም ካለ መንፋቱን ይቀጥላል፣ የሚነፋው ደግሞ ያልሞቀ አየር ነው። የሰውነታችን ሙቀት 98 ፋራናይት አካባቢ ስለሆነ ዝም ብሎ የቆመ የ72 አየር ደስ ይላል፣ ያው አየር ሽው እያለ አንገት ላይ ሲያርፍ ግን ብርድ ነው። ብዙ ሰው ማሽኑ ከውጭ አየር የሚስብ ይመስለዋል። አይስብም፣ የዚያኑ ክፍል አየር ነው የሚያዞረው።

እኛ ቤት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጨስ ሴንሰሩ ያብዳል። ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ሽቅብ ይወጣል፣ ማራገቢያው መጮህ ይጀምራል፣ ሶፋው ጫፍ ላይ የተቀመጡት እንግዳ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ይስባሉ፣ ከዚያ «ኧረ ይሄን ነገር አጥፉልኝ፣ ብርድ መታኝ» ይመጣል። ታክሲ ውስጥ መስኮት እንዳይከፈት የሚጣላ ሕዝብ መሆናችንን አትርሱ።

ወደ ንጽጽሩ እንግባ። አንደኛው ምርጫ ሁሉን በአንድ የያዘው ነው። የዳይሰኑ ብዙውን ጊዜ ከ400 ዶላር በላይ ነው። ሁለተኛው ለየብቻ መግዛት ነው፦ ባለ ዘይት ሂተር፣ ያ እንደ ራዲያተር የተደረደረው፣ 100 ዶላር አካባቢ ወይም ከዚያ በታች፣ ከእሱ ጋር ኮዌይ ወይም ሌቮይት የሚባሉት ድርጅቶች የሚሠሩት ዓይነት ማጣሪያ። ኮዌይ 200 ዶላር አካባቢ ይገኛል፣ ትንሹ ሌቮይት ደግሞ ከዚያ ይረክሳል። ሁለቱ ተደምረው እንኳ ከአንዱ ማሽን ያንሳሉ።

«ውዱ ግን የተሻለ ያሞቃል አይደል?» አያሞቅም። አሜሪካ ውስጥ ሶኬት ላይ የሚሰካ ሂተር ጣሪያው 1500 ዋት ገደማ ነው፣ የ40 ዶላሩም የ600 ዶላሩም። 1500 ዋት ደግሞ የትም 1500 ዋት ነው፣ የሚሰጠው ሙቀት እኩል ነው። ልዩነቱ ሙቀቱ እንዴት ይደርሳችኋል የሚለው ላይ ነው። ዳይሰኑ በንፋስ ይልከዋል፣ ቶሎ ይሰማችኋል፣ ሲቆምም ቶሎ ይቀዘቅዛችኋል። ባለ ዘይቱ ለመሞቅ ጊዜ ይፈልጋል፣ ግን ማራገቢያ የለውም፣ ድምፅም የለውም፣ ከቆመ በኋላም ዘይቱ ውስጥ ያለው ሙቀት ቀስ እያለ ይወጣል። ለመኝታ ቤት ከእሱ የሚሻል አላውቅም።

ማጣሪያውስ? እሱም ንፋስ አለው፣ ግን ኮዌይም ሌቮይትም አየሩን ወደ ላይ ነው የሚለቁት። ዋናው ነገር ደግሞ ለየብቻ ሲሆኑ ማጣሪያውን በሩ አጠገብ፣ ሂተሩን እግራችሁ ሥር ማድረግ መቻላችሁ ነው። አንድ ማሽን ሲሆን ሙቀቱን ስትፈልጉ ፊታችሁ ታዞሩታላችሁ፣ ከዚያ ብርዱም በዚያው በኩል ይመጣል።

ለሁሉን በአንዱም የሚባል አለ። ስቱዲዮ፣ ማለትም ባለ አንድ ክፍል ቤት፣ ለሚኖር ሰው ቦታ ይቆጥባል፣ በጋ ላይ ማራገቢያ ይሆናል። ዳዴ የሚል ልጅ ካለ ደግሞ በቁም ነገር አስቡበት፣ ባለ ዘይቱ ሂተር ላዩ ስለሚግል እጅ ያቃጥላል።

ሁሉን በአንድ የያዘውን ከመረጣችሁ ሞዴሉን ተጠንቀቁ። የዳይሰን ኤችፒ 02 ንፋሱን ወደ ፊት ብቻ ነው የሚለቀው። እ.ኤ.አ. በ2018 የመጣው ኤችፒ 04 ግን ንፋሱን ወደ ኋላ የሚያዞር አዝራር ሪሞቱ ላይ አለው፣ ሳያበርድ እንዲያጣራ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ኤችፒ 07ም አለው። ያገለገለ ስትገዙ ረከሰ ብላችሁ 02ን እንዳታነሱ። የሌላ ድርጅት ከሆነ ሻጩን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ ሙቀቱ ሲሞላ ማራገቢያው ይቆማል ወይስ ይቀጥላል? መመሪያው ላይ ከሌለ ተዉት።

ቀድሞ የገዛ ሰው ደግሞ ከመሸጡ በፊት እነዚህን ይሞክር። አውቶውን ያጥፋና ፍጥነቱን ዝቅ ያድርግ። ማሽኑን ወደ ሰው ሳይሆን ወደ ግድግዳ ያዙረው። ማሽኑ ወደ ኋላ የሚነፋበት አዝራር ካለው ቡና ከመቆላቱ በፊት እሱን ይጫን። አንዳንዴ ብርዱ ከማሽኑ ሳይሆን ከመስኮቱ ነው የሚመጣው፤ ክረምት ላይ መስታወቱ የነካውን አየር አቀዝቅዞ ወደ ወለል ያወርደዋል። እጃችሁን ከመስኮቱ ሥር አድርጋችሁ ማወቅ ትችላላችሁ፣ መፍትሔው ወፍራም መጋረጃ ነው።

ስለ መብራት ሳልናገር እንዳልቀር። ብዙ አፓርታማ ውስጥ አንዱ መስመር 15 አምፔር ነው፣ በ120 ቮልት 1800 ዋት ማለት ነው። ሂተሩ 1500 ወሰደ። የእንጀራው የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ወደዚያው ይጠጋል። ሁለቱ አንድ መስመር ላይ ከሆኑ ብሬከሩ ይወርዳል፣ እንጀራውም ዓይን ሳያወጣ ይቀራል። ሂተርን በኤክስቴንሽን አትሰኩ፣ ከመጋረጃና ከአልጋ ልብስም አንድ ሜትር ያህል አርቁት።

ከሰልን በተመለከተ የትኛውም ምርጫ አያድናችሁም። እነዚህ ማጣሪያዎች አቧራና ጭስ ይይዛሉ፣ የከሰሉን መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ግን አይይዙም። ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነ ብላችሁ በዝግ ቤት ከሰል እንዳታነዱ።

የእኔ ምርጫ ግልጽ ነው፣ ሁለቱን ለየብቻ። ትንሽ ልጅ ያለው ወይም ቦታ የጠበበው ሰው ኤችፒ 04ን ወይም ከዚያ ወዲህ የመጣ፣ ወደ ኋላ የሚነፋ ሞዴል ይግዛ። ለአዲስ አበባ ቤተሰብ ልላክ የምትሉ ደግሞ ከአሜሪካ አትግዙ። በ120 ቮልት የሚሠራውን እዚያ 220 ላይ ከሰኩት ያቃጥሉታል፣ 1500 ዋት የሚችል ትራንስፎርመር ደግሞ ከማሽኑ በላይ ይከብዳል።