ጠረጴዛ ላይ ያለው ፖከርና ባላትሮ፦ ፔር ፍላሽን የሚበልጥበት ጊዜ

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቁጭ ብለን ጓደኛዬ ስልኩ ላይ ባላትሮ የሚባለውን በፖከር ላይ የተመሠረተ የካርታ ጨዋታ ሲጫወት "ፍላሽ እያለህ እንዴት ፔር ትጥላለህ?" ብዬ ሳቅኩበት። የተሳሳትኩት ግን እኔ ነኝ። (ፔር ቁጥራቸው አንድ የሆነ ሁለት ካርታ ነው፤ ፍላሽ ደግሞ ምልክታቸው አንድ የሆነ አምስት ካርታ።)

በተለመደው ፖከር ደረጃው አይነቃነቅም። ከ52 ካርታ 2,598,960 ባለ አምስት ካርታ እጅ ይወጣል፤ ከነዚህ ውስጥ ስትሬት (ተከታታይ አምስት ካርታ) 10,200፣ ፍላሽ 5,108፣ ፉል ሃውስ (ሦስት ተመሳሳይና ሁለት ተመሳሳይ ካርታ) ደግሞ 3,744 ብቻ ስለሆነ ብርቅ የሆነው ብዙ ያለውን ይበልጣል። በቃ። ፔር ይዘህ ብትሳልም ፍላሽን አታሸንፍም።

እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ባላትሮም ሲጀምር ያንኑ ቅደም ተከተል ይዞ ነው። ልዩነቱ ለእያንዳንዱ እጅ ዋጋ መለጠፉ ነው፦ ፔር 10 ቺፕ (ነጥብ) በ2 ይባዛል፣ ፍላሽ 35 በ4። ከዚያ የአንድን እጅ ዋጋ ከፍ የሚያደርጉ የፕላኔት ካርታዎች ይመጡና ነገሩን ይገለብጡታል። ሜርኩሪን በተጠቀምክ ቁጥር ፔር ላይ 15 ቺፕና 1 ማባዣ ይጨመራል። ሦስቴ ካገኘኸው 55 በ5፣ ማለትም 275 ሆነ። ያልተነካው ፍላሽ 140 ላይ ቆሟል። የካርታዎቹ የራሳቸው ነጥብ ገና ሳይደመር ማለት ነው፣ ነጥብ የሚያሳድጉትን ልዩ ካርታዎች፣ ጆከሮቹንማ ተዋቸው።

ደግሞ አምስት አንድ ዓይነት ካርታ የሚባል እጅ አለ! በተራ ካርታ የማይታሰብ ነው፤ አምስተኛ ንጉሥ ከየት ይመጣል? ባላትሮ ግን ካርታህን እንድታባዛ ይፈቅድልሃል።

ከሰው ጋር ፊት ለፊት ለመጫወት የድሮው ይሻለኛል። ለብቻዬ ከሆነ ግን ባላትሮ፣ ያውም በፔር።