ምግብ ሲጠፋ፦ ማነስ ወይስ ወደ ልጅነት መመለስ?

ጄሊፊሽ የሚባለው ጃንጥላ መሳይ ለስላሳ የባሕር እንስሳ ለክፉ ቀን የሚሆን ስብ የለውም፤ ከሰውነቱ 95 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ታዲያ ረሃብን እንዴት ይችለዋል?

አውሬሊያ የሚባለው የጨረቃ ጄሊፊሽ ራሱን ይበላል። የመራቢያ አካሉንም ይሠዋል። በጃንጥላው መሃል የምናያቸው አራት ቀለበቶች ይደበዝዛሉ፤ ጃንጥላውም ራሱ ቀን በቀን እያነሰ ይሄዳል። የሚገርመኝ፣ ያው ጄሊፊሽ ሆኖ፣ እየዋኘና እያደነ ማነሱ ነው። ምግብ ሲገኝ መልሶ ያድጋል፤ መራቢያውም እንደገና ይበቅላል።

ቱሪቶፕሲስ ዶርኒ የሚባለው ጄሊፊሽ ግን በሜዲትራኒያን ባሕርም ይገኛል፤ ስፋቱ 4.5 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ከትንሿ ጣታችን ጥፍር ያነሰ። ረሃብ ሲጠናበት እንደ ክር የተንጠለጠሉ እጆቹን ወደ ውስጥ ይሰበስብና ድቡልቡል ሆኖ ወደ ታች ይሰምጣል። ዓለት ላይ ተጣብቆ ሥር መሳይ ክሮች ይሰዳል፤ ከእነሱም ላይ የልጅነት መልኩ የሆነው ፖሊፕ ይበቅላል። ቢራቢሮ ተመልሳ አባጨጓሬ ሆነች እንደማለት ነው! ተመራማሪዎች ይህን በ1996 እ.ኤ.አ. በዝርዝር ሲያሳትሙ፣ ለአንድ ሥራ የተለዩ ሴሎች ወደ ሌላ ዓይነት ሴልነት እንደሚለወጡ አሳይተዋል።

ለቱሪቶፕሲስ የተሰጠው «የማይሞተው» የሚለው ቅጽል ስም ግን ያሳስታል፤ ዓሣ ከዋጠው አበቃለት።

ለአጭር ረሃብ የአውሬሊያን መንገድ እመርጣለሁ፤ ምግብ በተመለሰ ቀን ወዲያው መብላት ይጀምራል። ችግሩ ከከፋ ግን ቱሪቶፕሲስ ይበልጣል፦ ከአንዱ የተራበ ጄሊፊሽ የበቀለው ፖሊፕ ብዙ አዳዲስ ጄሊፊሾችን ያፈራል።