የ300 ዶላሩ «የጠረፍ ሰው ሙሉ ልብስ» ሲመዘን

በአሜሪካ የታሪክ ድጋሚ ትዕይንት ለሚያሳዩ ሰዎች አልባሳት ከሚሸጡት የኢንተርኔት መደብሮች በርከት ያሉት «የጠረፍ ሰው ሙሉ ልብስ» የሚባል፣ ማለትም በአሜሪካ የሰፈራ ዳርቻ ይኖሩ የነበሩ ሰዎችን አለባበስ የሚከተል ጥቅል ያቀርባሉ። እዚህ የምገመግመው ጥቅል ሸሚዝ፣ ዘርፍ ያለው የአደን ሸሚዝ፣ ሱሪ፣ ሞካሲን ጫማና ጅራቱ ወደ ኋላ የተንጠለጠለ የራኩን (ባለ ጸጉራም ጅራት ትንሽ የአሜሪካ አውሬ) ቆዳ ቆብ የያዘ ሲሆን፣ ዋጋው የመላኪያውን ሳይጨምር 300 ዶላር ገደማ ነው። ሻጩ ልብሱ ከ1750 እስከ 1840 ድረስ ላለው ዘመን ሁሉ ይሆናል ይላል። በእነዚህ ዘጠና ዓመታት የሸሚዝ አንገት፣ የሱሪ ወገብና የባርኔጣ ቅርፅ ደጋግሞ ስለተለወጠ፣ ለሁሉም ይሆናል የተባለ ልብስ ለአንዱም በትክክል እንደማይሆን ከወዲሁ መጠርጠር ይገባል። ስለዚህ ጥቅሉን የመዘንሁት በአንድ ቦታና በአንድ ዘመን ለክቼ ነው፤ ይኸውም የፖይንት ፕሌዛንት ውጊያ በተካሄደበት በ1774 እና ቡንስቦሮ በተቆረቆረበት በ1775 አካባቢ፣ በላይኛው የኦሃዮ ወንዝ ሸለቆና በኬንተኪ ይኖር የነበረ ተራ ሰፋሪ ይለብሰው ነበር ወይ በሚል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በጀቱ ጠባብ የሆነ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ገንዘቡን ማዋል ያለበት በጨርቁ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ቅዱ ትንሽ ቢሳሳት በመቀስና በመርፌ ይስተካከላል፤ ቀለሙ ካላማረ ይነከራል፤ ፖሊስተር ግን በምንም መንገድ ሊነን (ከተልባ እግር ጭረት የሚሠራ ጨርቅ) አይሆንም። ነገሩ የመልክ ብቻም አይደለም። በእነዚህ ትዕይንቶች ምግብ የሚበስለው ሜዳ ላይ በተነደደ እሳት ነው፣ ጠመንጃውም የሚተኮሰው በጥቁር ባሩድ ስለሆነ የእሳት ብልጭታ በየአቅጣጫው ይረጫል። ፖሊስተር እሳት ሲነካው ቀልጦ ገላ ላይ ይጣበቃል፤ ሱፍ በአንጻሩ በቀላሉ አይቀጣጠልም፣ ከእሳቱ ሲርቅም አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። የጥቅሉ መግለጫ «ተፈጥሯዊ መልክ ያለው ጨርቅ» ይላል፣ ከምን እንደተሠራ ግን አይናገርም። ይህን ለማወቅ ከውስጥ ስፌቱ አንድ ክር መዝዞ፣ ከልብሱ አርቆና በመቆንጠጫ ይዞ ማቃጠል ይበቃል። የሚቀልጥና ጠንካራ ዶቃ የሚመስል ጥቁር እንክብል የሚተው ሰው ሠራሽ ነው፤ የተቃጠለ ጸጉር የሚሸት ሱፍ ነው፤ እንደ ወረቀት ነዶ ልል ግራጫ አመድ የሚሆነው ጥጥ ወይም ሊነን ነው። በዚህ ሙከራ የሸሚዙ ክር ጥጥ ወይም ሊነን ሆኖ ሲገኝ፣ የአደን ሸሚዙ ግን ቀለጠ።

የውስጡ ሸሚዝ ከአምስቱ ዕቃዎች የተሻለው ቢሆንም፣ ፊቱ ላይ ባለው ነገር ተበላሽቷል። የዚያ ዘመን የወንድ ሸሚዝ በጭንቅላት የሚጠለቅ፣ እስከ ጭን አጋማሽ የሚወርድ፣ ከአራት ማዕዘን ቁራጮች ብቻ የሚቆረጥና ጨርቅ የማያባክን ነበር፤ ክንዱ እንደ ልብ እንዲነሳም ብብቱ ላይ ትንሽ ካሬ ጨርቅ ይገባበታል። ደረቱ ላይ ያለው አጭር ሰንጠቅ የሚዘጋው አንገቱ ላይ ባሉት ቁልፎች ሲሆን፣ ክር የተጠመጠመባቸው፣ የአጥንት ወይም የፒውተር (ቆርቆሮ የበዛበት ቅይጥ ብረት) ቁልፎች ሁሉ ያስኬዳሉ። የጥቅሉ ሸሚዝ ግን ደረቱ ላይ የብረት ቀለበት ባላቸው ቀዳዳዎች ውስጥ በሚሾልክ የቆዳ ጠፍር ይታሰራል። የብረት ቀለበቱ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፣ አስተሳሰሩም የባሕር ወንበዴ ፊልም እንጂ የሰፋሪ አይመስልም። ያም ሆኖ ቅዱ በመሠረቱ ደህና ስለሆነ፣ ቀለበቶቹን ቆርጦ ሰንጠቁን በእጅ ቀምቅሞ ሁለት ቁልፍ ለሚተክል ሰው የሚያገለግል ሸሚዝ ይወጣዋል። ሊነን የሚፈልግ ደግሞ የንግድ ስሙን ከማመን የጭረቱን ዓይነት ቢጠይቅ ይሻላል፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ኦስናበርግ የሚባለው ሻካራ ጨርቅ ከተልባ እግር ጭረት ይሠራ ነበር፣ ዛሬ በዚያው ስም በርካሽ የሚሸጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥጥ ነው።

ከሁሉ ያሳዘነኝ የአደን ሸሚዙ ነው፤ ምክንያቱም የዚያን ጊዜ የጠረፍ ሰው በሩቁ የሚታወቀው በእርሱ ነበር፣ በትክክል ለመሥራትም ከባድ አይደለም። ጥቅሉ ያቀረበው ቡናማ ቀለም ያለው፣ የአጋዘን ቆዳ እንዲመስል የተሠራ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ሲሆን፣ ዘርፉ በክንዱ ርዝመት ሁሉ ወርዶ የስንዝር ያህል ይወዛወዛል። በምዕራብ ፔንሲልቬንያና ቨርጂኒያ ጠረፍ ያደገው ጆሴፍ ዶድሪጅ በ1824 ባሳተመው ትዝታው እንደሚናገረው፣ የአደን ሸሚዝ የሚሠራው በአብዛኛው ከሊነንና ከሱፍ ተቀላቅሎ ከሚሸመነው ሊንሲ፣ አንዳንዴም ከሻካራ ሊነን ነበር። ከአጋዘን ቆዳ የለበሱም ጥቂቶች ነበሩ፤ ቆዳው በዝናብ ጊዜ እጅግ ቀዝቃዛና የማይመች መሆኑን ግን ሳይጠቅስ አላለፈም። እርሱ የሚገልጸው ልብስ ፊቱ ከላይ እስከ ታች የተከፈተ፣ አንዱ ጎን በሌላው ላይ እስኪደረብ ድረስ የሰፋ፣ ትከሻው ላይ ተጨማሪ ካባ ያለው፣ በመቀነት የሚታሰር ነው፤ ደረቱ ላይ የሚፈጠረው እጥፋትም ዳቦና የደረቀ ሥጋ፣ ለጠመንጃ መወልወያ የሚሆን ቃጫም ሳይቀር ይያዝበታል። ጆርጅ ዋሽንግተን ለሠራዊቱ የደንብ ልብስ ባጠረው ጊዜ፣ ጁላይ 24 ቀን 1776 ባወጣው ትእዛዝ ይህንኑ ሸሚዝ የመከረው ርካሽ ስለሆነና ጠላት የለበሰውን ሁሉ አነጣጣሪ ተኳሽ አድርጎ ስለሚያይ ነበር። ልብሱ በዘመኑም የችግር ጊዜ መፍትሔ ስለነበረ፣ ዛሬ ገንዘብ ያጠረው ተሳታፊ እርሱን ቢመርጥ ከታሪኩ ጋር አይጣላም።

ዘርፉን በተመለከተ አንድ ምስጢር አለ፣ ሻጮቹም ቢያውቁት ብዙ ጨርቅ ያተርፉ ነበር። ትክክለኛው ዘርፍ የሚሠራው የሊነኑን ጠርዝ ክር በክር በመተርተር ነው። አጭር ቁራጭ ጨርቅ ተተርትሮ በካባው፣ በእጅጌው ጫፍና በታችኛው ጠርዝ ላይ ይሰፋል፤ ሥራው አንድ ምሽት ቢፈጅ ነው፣ ወጪውም የለውም። የስንዝር ርዝመት ያለው፣ እንደ መጥረጊያ የተንዘረፈፈው የቆዳ ዘርፍ የመጣው ከመድረክ ነው።

ሱሪው ረጅምና ወገቡ ላይ ላስቲክ የገባበት ስለሆነ ብዙ ቃል አላባክንበትም። የዘመኑ ሰው ጉልበት ላይ የሚያልቅ ሱሪ ለብሶ፣ ከእርሱ በታች እሾህና እባብ የሚከላከል የሱፍ ገምባሌ ያጠልቃል፣ ከጉልበቱ በታችም በመቀነት ያስረዋል። ወጣቶቹ ከአካባቢው ነባር ሕዝቦች በተማሩት ልማድ ሱሪውን ትተው በወገባቸው ላይ ጨርቅ እያሸረጡና ረጅም ገምባሌ እያደረጉ ይሄዱ ነበር፤ ዶድሪጅ ጭናቸው እየታየ ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር ይገቡ እንደነበር ጽፏል። ገምባሌ ከጥቅሉ ውስጥ ያለመኖሩ የሚገርም ነው፣ ምክንያቱም በጠረፉ ላይ ከተለበሱት ሁሉ ለመስፋት የሚቀለው እርሱ ነው። ያረጀ የሱፍ ብርድ ልብስ ከወታደራዊ ቁሳቁስ መሸጫ በርካሽ ገዝቶ ሁለት ቁራጭ መቁረጥና በጎን በኩል አንድ ስፌት መስፋት ነው፤ የወታደር አረንጓዴ ከሆነ በጥቁር ቡናማ ማቅለም ይበቃል።

የራኩኑን ቆብ በቀጥታ እንዲመልሱት እመክራለሁ። በጠረፉ የጸጉር ቆብ ጨርሶ አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ ሆኖም ቆቡ የሁሉም ጠረፈኛ ምልክት ሆኖ በሕዝቡ አእምሮ የተተከለው በተለይ በ1950ዎቹ የቴሌቪዥን ትርኢት ነው፣ ቡንስቦሮን የቆረቆረው ዝነኛው ጠረፈኛ ዳንኤል ቡን ራሱም የሚመርጠው የፌልት (የታመቀ ሱፍ ወይም ጸጉር) ባርኔጣ እንደነበር ይነገራል። ጠርዙ ሰፊ የሆነ ጥቁር ወይም ቡናማ የሱፍ ፌልት ባርኔጣ፣ ገና ቅርፅ ያልወጣለት ሲሆን፣ ከተዘጋጀው እጅግ ይረክሳል። በእንፋሎት አለስልሶ ጎኑን ማጠፍ ወይም እንዲሁ መተው ይቻላል፤ ከሽቦና ከሰው ሠራሽ ሽፋን ነፃ መሆኑን ብቻ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሞካሲኑ ወፍራም የጎማ ሶል፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ዘርፍና በፋብሪካ የተሰፋ የዶቃ ጌጥ አለው። ለመኪና ማቆሚያ አስፋልት ይመቻል፣ ለ1775 ግን አይሆንም። የምሥራቁ ደን ሞካሲን ከአንድ ቆዳ የተቆረጠ፣ በእግሩ አናት መካከል አንድ ስፌት ያለው፣ ሶል ያልተቀጠለበት ነው። ዶድሪጅ እርጥብ በሆነ ጊዜ ሞካሲን መጫማትን በጨዋነት በባዶ እግር እንደመሄድ ቆጥሮታል፤ በብርድ ጊዜ ግን የአጋዘን ጸጉር ወይም ደረቅ ቅጠል ይሞሉበት ነበር። የሱፍ ካልሲ ደርቦ ከውስጥ ቀጭን የቆዳ ገበር ማስገባት የዛሬውን እግር ከጠጠር ያድናል፣ ከውጭም አይታይም። ጥሩ የእጅ ሥራ ሞካሲን ውድ ስለሆነ፣ ቆዳውና ክሩ ተቆርጦ የሚመጣበትን፣ ባለቤቱ ራሱ የሚሰፋውን ዓይነት መግዛት ጥሩ መካከለኛ መንገድ ነው።

እንግዲህ ያው 300 ዶላር በእጁ ያለ ጀማሪ ምን ያድርግ? እኔ ብሆን ከ80 እስከ 100 ለጫማው፣ ከ50 እስከ 60 ለባርኔጣው እመድባለሁ፤ ቀሪውን በሙሉ በሊነንና በሱፍ ላይ አውለዋለሁ። ለሸሚዝ ቀለል ያለ ሊነን፣ ለአደን ሸሚዝ ከበድ ያለው ይመረጣል። የልብስ ስፌት መኪና የሌለውም ቢሆን አይቸገር፤ ኢላያስ ሃው የመኪናውን ፓተንት ያገኘው በ1846 ስለሆነ በ1770ዎቹ ሁሉም ነገር በእጅ ይሰፋ ነበር። ጊዜ ያጠረው ግን የውስጡን ረጅም ስፌት በመኪና ሰፍቶ፣ የሚታዩትን ማለትም የአንገቱን፣ የእጅጌውንና የቁልፍ ቀዳዳዎቹን በእጅ መጨረስ ይችላል፤ ተመልካች የሚያየው እነዚህን ነው። ለቀለሙ የጥቁር ዎልነት ዛፍ ፍሬ ልጣጭ ቀቅሎ ጨርቁን በመንከር ሙሉ በሙሉ የዘመኑ የሆነ ቡናማ ይገኛል። ከሰው ሠራሾቹ ማቅለሚያዎች የመጀመሪያው ዝነኛ የተገኘው በ1856 ስለሆነ፣ ደማቅ ሐምራዊና የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ከሩቅ ያሳጣሉ።

ምን እንደሚለበስ የሚጠራጠር ሰው የቀድሞ ጋዜጦችን ያንብብ። እንደ ፔንሲልቬንያ ጋዜት እና ቨርጂኒያ ጋዜት ባሉት ላይ ጌቶች ያመለጡባቸውን ባሪያዎችና በውል የታሰሩ አገልጋዮች ለማስያዝ የሚያወጡት ማስታወቂያ የለበሱትን ከሸሚዙ ጨርቅ እስከ ቁልፉ ይዘረዝራል። የተጻፈበት ዓላማ ጨካኝ ነው፤ ሀብታም ያላሠራውን፣ ሥዕልም ያልተሣለለትን የተራ ሰው ልብስ የሚነግረን ግን እርሱ ነው፣ በነፃም ይነበባል።

ያው መደብር ለሴቶች የሚሸጠው ጥቅል ከወንዶቹም የባሰ ነው። ያቀረበው አበባ የታተመበት ሙሉ ቀሚስና ፊትን የሚጋርድ ትልቅ የፀሐይ ቆብ ሲሆን፣ ይህ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወደ ምዕራብ በጋሪ የተጓዙትን ሴቶች ያስታውሳል። ለ1770ዎቹ የሚያስፈልገው የሊነን የውስጥ ቀሚስ፣ አንድ ወይም ሁለት ጉርድ ቀሚስ፣ ፊቱ ተደርቦ በሽርጥ የሚያዝ አጭር ካፖርት መሰል ቤድጋውን፣ የአንገት ሻሽና ነጭ ቆብ ነው። ቤድጋውኑ ከአንድ ጨርቅ በቀላሉ ስለሚቆረጥ ለበጀት እጅግ የተመቸ ነው። ከሁሉ ውዱ የደረትና የወገብ ደጋፊው ስቴይስ ሲሆን፣ እርሱን የሚገቡበት የትዕይንት ቡድን ካለው ተውሶ መጀመር ይቻላል፤ ብዙ ቡድኖች ለአዲስ ሰው የሚያውሱት ልብስ አላቸው። ለወንዱም ቢሆን ቡድኑ የሚቀበለውን ደረጃ ሳይጠይቁ አንድም ነገር መግዛት አያስፈልግም።

ጥቅሉን ቀድሞ የገዛ ሰው ሸሚዙን ያስተካክል፣ የቀረውን ለትምህርት ቤት ተውኔት ይስጥ። አዲስ ሊነን የሚገዛ ደግሞ ከመቁረጡ በፊት በሙቅ ውኃ ይጠበው፤ በመጀመሪያው እጥበት ስለሚሸበሸብና ስለሚያጥር፣ ያልታጠበ ሊነን ላይ የተቆረጠ እጅጌ ከአንጓው በላይ ይቀራል።