ገና ያላለቀው ፓድ ታይ

የመጀመሪያው ጉርሻ አናደደኝ። በምሳ ሰዓት መሀል ከተማ ላይ ያን ሁሉ ሰልፍ ጠብቄ የደረሰኝ ፓድ ታይ፣ የታይላንዱ የተጠበሰ ኑድል፣ አልጫ ነበር። የሩዝ ኑድሉ አልተጣበቀም፣ የማሾ ቡቃያውም ገና ቀጭ ቀጭ ይላል። እጃቸው ጥሩ እንደሆነ ያስታውቃል። ግን ጨዉም፣ ኮምጣጣውም፣ ማቃጠሉም ሁሉም ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ ይመስላል። ዋጋውስ? ቆመው ለሚበሉት የጋሪ ምግብ ይከብዳል።

ሳህኑን ይዤ ወደ መስኮቱ ተመለስኩ። የሚያበስሉት ሴትዮ ሳህኑን አዩት፣ እኔንም አዩኝና «ገና መች አለቀ?» አሉኝ። ከዚያ ከመስኮቱ ጥግ አራት ብልቃጥ የያዘች ትሪ ወደ እኔ ገፋ አደረጉ። አንዱ ስኳር ነው። አንዱ የተወቀጠ ደረቅ በርበሬ። አንዱ ቃሪያ የተከተፈበት አቼቶ። አራተኛው ሚጥሚጣ የተዘፈዘፈበት የዓሣ ሶስ፣ ከዓሣና ከጨው የሚወጣው ፈሳሽ።

ታይላንድ ውስጥ ኑድል የሚሸጥበት ቦታ ብዙውን ጊዜ እነዚህ አራቱ አይጠፉም። አብሳዩ ምግቡን መሀል ላይ ያቆመዋል፤ ቀሪው የበላተኛው ድርሻ ነው። ምላሱ የፈለገውን ራሱ ይጨምራል።

የዓሣ ሶሱን በማንኪያ ጫፍ አንጠባጠብኩ። ሲያሸቱት ይከብዳል፣ ትኩስ ኑድል ላይ ሲያርፍ ግን ሽታው ይጠፋና ጨውነቱ ብቻ ይቀራል። በርበሬ ነሰነስኩ። ሎሚዋን ጨመቅኩ፣ የተፈጨውን ለውዝ ከታች ወደ ላይ አገላበጥኩ። ደግሜ ስጎርስ ሌላ ምግብ ነው! የታማሪንዱ፣ የዚያ ጎምዛዛ ፍሬ፣ ኮምጣጣነት ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ብቅ አለ። የዘንባባ ስኳሩም ከኋላው። አፍንጫዬ ላይ ላብ ችፍ አለ።

ከዚህ በፊት ወንበሩም መብራቱም ያማረ ምግብ ቤት ውስጥ ፓድ ታይ በልቻለሁ። ኬችአፕ የገባበት፣ ቀይና ጣፋጭ ነበር። በልቼ ስጨርስ ከረሜላ የመጠጥኩ ያህል ተሰማኝ። እዚያ የሚጨመር ነገር አልነበረም፤ ስኳር የበዛበትን ምግብ ማንም አይመልሰውም።

ፓድ ታይ ራሱ ያን ያህል የቆየ ምግብ አይደለም። መጥበሱ ከቻይኖች የመጣ ነው። በመላ አገሪቱ የተስፋፋው ደግሞ ሲያም እ.ኤ.አ. በ1939 ታይላንድ ተብላ በተሰየመችበት ዘመን፣ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የፒቡን ሶንግክራም መንግሥት ሕዝቡ እንዲበላው ሲገፋፋ ነው።

ቅሬታዬን ግን አልተውም። ሽሪምፑ ሦስት ፍሬ ብቻ ነው፤ ለዚያ ዋጋ አምስት ቢሆን ምን አለበት? ትሪዋም ሰው በሚያያት ቦታ ትቀመጥ። ከእኔ ኋላ የተሰለፈው ልጅ ሳይጨምርበት በልቶ፣ ግማሹን ጥሎ ሲሄድ አይቻለሁ። አንጀቴን በላው።

በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩ። ሴትዮዋ ገና ኑድሉን መጥበሻው ላይ ሳይጥሉ ትሪዋን ወደ እኔ ገፏት።