የአባቴን ወንበር ላዳኑልኝ እንጨት ቀራጭ ምስጋና

ሲያትልና አካባቢዋ ያላችሁ ወገኖች፣ ከአገር ቤት የመጣ የእንጨት ቅርስ ካላችሁ ይህን አንብቡልኝ።

አባቴ ካረፈ በኋላ ከጅማ ያስመጣሁት ባለሦስት እግር ወንበሩ ተሰንጥቆ ደረሰኝ። እንደምታውቁት ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ነው፤ መጋጠሚያ የለውም። መጀመሪያ የወሰድኩበት ጥገና ቤት ያደረገኝን እግዜር ይይለት! ብሎን ከተተበት፣ ኮላ ለቀለቀው፣ ቫርኒሽ ቀብቶ ገንዘቤን ተቀበለ። ብዙም ሳይቆይ ስንጥቁ ብሶበት ተከፈተ። ሌላው ደግሞ ጠጋ ብሎ እንኳ ሳያየው «ጥለሽው አዲስ ግዢ» አለኝ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

በመጨረሻ ወደ እኚህ ሽማግሌ የመራችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ ትባረክ። ከደቡብ ምሥራቅ አላስካ የመጡ የትሊንጊት፣ የዚያ አገር ነባር ሕዝብ፣ ሰው ናቸው። ቅርጽ ያስተማሯቸው የእናታቸው ወንድም ናቸው፤ በእነሱ ዘንድ ዘር በእናት ስለሚቆጠር ወንድ ልጅን የሚያሠለጥነው አጎቱ ነው። ከእንጨት የሚቀርጿቸው ጭምብሎች የሚነሡት ከጥንቶቹ ሻማኖች ነው፦ ፀጉራቸውን የማይቆረጡ፣ በረዳት መናፍስት በሽተኛ የሚፈውሱ ሰዎች። እያንዳንዱ ጭምብል የአንድ ረዳት መንፈስ መልክ ነበር። ሻማኑ ሲሞት ዕቃው ከመንደር ርቆ መቃብሩ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ግን ሰብሳቢዎች እየወሰዱ ለሙዚየም ሸጡት። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ከዚያ የተወሰነውን እያስመለሰ ነው። እሳቸው ከመቃብር የተወሰደውን ጭምብል ፈጽሞ አይገለብጡም፤ ባለቤት አለው ይላሉ።

ለዚህ ይሆናል የእኔንም ወንበር እንዲያ ያከበሩት። መሣሪያ ሳያነሡ በፊት «የማን ነበር?» አሉኝ። ስለ አባቴ፣ ማታ ማታ እሱ ላይ ተቀምጦ ዳዊት ስለመድገሙ እየነገርኳቸው መዳፋቸውን መቀመጫው ላይ አድርገው እስክጨርስ ዝም ብለው ሰሙኝ። ቫርኒሹን በትንሽ ጠማማ ቢላ ቀስ እያሉ ሲያነሡ፣ በአባቴ መቀመጥ ብዛት የለሰለሰውን ቦታ ጫፉን አልነኩትም። «ይሄ የሳቸው ሥራ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ እንዴት እንደገጠሙት አይገባኝም፤ ብቻ ብሎን የለበትም፣ ልጆቼ ይቀመጡበታል፣ አይነቃነቅም።

የጠየቁኝ ክፍያም የመጀመሪያው ከወሰደብኝ ያንሳል። ቤቴ ጠርቻቸው ከአቦል እስከ በረካ ተቀምጠው ጠጡ። ዕድሜ ይስጥልኝ!

ቅርሳችሁን ለማንም አትስጡ፣ ለእሳቸው ውሰዱ። ጭምብሎቻቸውንም እዩ፣ ከቻላችሁ ግዙ። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ ሰዓት ኖሯችሁ ሂዱ፤ ስለ ዕቃው ባለቤት ሳይጠይቁ ሥራ አይጀምሩም።